ግማሽ ሰዓት ሲሞላው የሚደክም ካርድ

ሚያዝያ ነበር። ባሕር ዳር ቀትር ላይ ሰው የዘንባባ ጥላ እየመረጠ የሚሄድበት ሰሞን። አንድ ልጅ ኮምፒውተሩን በባጃጅ ጭኖ ሱቄ በር ላይ ወረደ። ኬዙን እንደ ሕፃን አቅፎ ገባና ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠው።

«ይሄ ካርድ ይደክማል» አለኝ። የግራፊክስ ካርዱን ማለቱ ነው፤ የጌሙን ምስል የሚሠራውን።

«እንዴት ነው የሚደክመው?»

«ግማሽ ሰዓት ሲሞላው ይደክማል። ከዚያ በፊት አንበሳ ነው።»

በዚህ ሥራ ብዙ ዓይነት አቤቱታ ሰምቻለሁ። አይበራም፣ ይጮሃል፣ ይሸታል። ሰዓት ጠብቆ የሚመጣ ብልሽት ግን ደስ ይለኛል። እንዲህ ያለው አብዛኛውን ጊዜ ምክንያቱን ይዞ ነው የሚመጣው።

ልጁ ፔዳ ግቢ አካባቢ ጌም ቤት ይሠራል። ቤቱም ገንዘቡም የአጎቱ ነው። አጎቱ ጡረታ የወጡ የጂኦግራፊ አስተማሪ ናቸው፤ ሰፈሩ በሙሉ «መምህር» ነው የሚላቸው። ስለ ጌም ምንም አያውቁም። በሂሳብ ግን ቀልድ የለም።

ጌም ቤቱ ውስጥ ስድስት ማሽን አለ። አምስቱ ተራ ናቸው። ጥግ ላይ ያለችው «ቪአይፒ» ትባላለች፤ የሰዓት ዋጋዋ የሌሎቹ እጥፍ ነው። ካርዱ የተገዛው ለእሷ ነው። ያገለገለ አርቲኤክስ 3080፣ በደላላ፣ ከአዲስ አበባ። ግማሹ ተከፍሏል። ቀሪው ከሁለት ሳምንት ሙከራ በኋላ እንዲከፈል ተስማምተዋል። ልጁ እኔ ጋ ሲመጣ ዘጠኝ ቀን አልፎ ነበር። ስለዚህ ጥያቄው የጌም ብቻ አልነበረም። መምህር ቀሪውን ይክፈሉ ወይስ ካርዱን ይመልሱ?

ሻጩ በቴሌግራም የላከው ቪዲዮ አለ። ቤንችማርክ፣ ማለትም የካርዱን አቅም የሚለካ ፈተና፣ ሲሮጥ ያሳያል፤ ርዝመቱ አንድ ደቂቃ ቢሆን ነው። ቁጥሩ ጥሩ ነው፣ ሙቀቱም ጥሩ ነው። ቪዲዮው ውሸት አልነበረም። ይሄን አሁኑኑ ልበል፤ በኋላ ነገሩ ሲከር ሰው ሁሉ ሻጩን ሌባ ማለት ጀምሮ ነበርና።

ስለ ካርዱ ትንሽ። 3080 የወጣው በፈረንጆቹ መስከረም 2020 ነው፣ በ699 ዶላር። 10 ጊጋባይት ሚሞሪ፣ 320 ዋት ኃይል። ከዚያ ወዲህ 4090ም 5090ም መጥተዋል፤ ባሕር ዳር ጌም ቤት ውስጥ ግን 3080 አሁንም ጌታ ነው። ሚሞሪው ጂዲዲአር6ኤክስ የሚባለው ዓይነት ነው። ከቀድሞው ጂዲዲአር6 በአንድ ምት እጥፍ መረጃ ያስተላልፋል። ፈጣን ነው፣ ግን ይግላል። እዚህች ላይ ምልክት አድርጉ፣ እንመለስባታለን።

ማሽኑ ላይ የማያሳማ ነገር ነው ያለው። ሲፒዩው፣ ማለትም የኮምፒውተሩ ዋና አስሊ፣ ራይዘን 5 5600፣ 16 ጊጋ ራም በሁለት ስቲክ፣ 750 ዋት ፓወር ሰፕላይ፣ 1440ፒ ሞኒተር 144 ኸርዝ፤ በሰከንድ 144 ጊዜ ምስል ይቀይራል ማለት ነው። ሞኒተሩ ዊንዶውስ ላይ 60 ኸርዝ ሆኖ ተቀምጦ አገኘሁት። ለዘጠኝ ቀን እጥፍ ሲያስከፍሉበት የነበረው ማሽን 60 ኸርዝ ላይ ነበር ማለት ነው። አስተካከልኩት። ልጁ እፍር አለ፤ እኔም ለመምህር አልነገርኩበትም።

ለፈተናው ሳይበርፐንክ 2077ን መረጥኩ። ጌሙ በውስጡ የራሱ ቤንችማርክ አለው። ካሜራው ሁልጊዜ በአንድ መንገድ ነው የሚያልፈው፤ ስለዚህ የዛሬውን ከነገው ማነጻጸር ይቻላል። ሬይ ትሬሲንግ (የብርሃን ስሌቱን) ዘጋሁ፣ ዲኤልኤስኤስ (ትንሽ ምስል ሠርቶ የሚያጎላውን) ዘጋሁ፣ ቪሲንክ (ካርዱን ከሞኒተሩ ፍጥነት ጋር የሚያሰልፈውን) ዘጋሁ። ቪሲንክ ክፍት ከሆነ የምትለካው የካርዱን አቅም ሳይሆን የሞኒተሩን ገደብ ነው። የመጀመሪያውን ሩጫ ሁልጊዜ እጥለዋለሁ፤ ጌሙ ገና ፋይል እየጫነ ስለሆነ። ቀጥሎ ሦስት ጊዜ አስሮጥና መካከለኛውን እጽፋለሁ። የክፍሉንም ሙቀት እጽፋለሁ። ይሄን የመጨረሻውን ብዙ ሰው ይዘለዋል።

ጠዋት 2 ሰዓት፣ ክፍሉ 24 ዲግሪ። አማካይ በሰከንድ 84 ፍሬም፣ ማለትም ምስል። «1 በመቶ ሎው» የሚባለው 67። የካርዱ ጭነት 98 በመቶ ነው፤ ካርዱ ሲፒዩውን እየጠበቀ አይደለም፣ በሙሉ አቅሙ እየሠራ ነው። ልጁ እንዳለው አንበሳ ነው።

እዚህ ጋ ስለ አማካይ አንድ ነገር ልበል። ከባሕር ዳር ጎንደር 180 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሦስት ሰዓት ከፈጀብህ አማካይህ በሰዓት 60 ነው። ግን መንገድ ላይ ከብት ዘግቶህ ሃያ ደቂቃ መቆምህን ያ 60 አይነግርህም። 1 በመቶ ሎው ያንን ነው የሚነግርህ፤ በጣም የዘገዩትን ፍሬሞች ለይቶ ያወጣል። ተጫዋቹ ደግሞ የሚያማርረው በአማካዩ አይደለም፣ በከብቱ ነው።

ከዚያ ልጁን «ተጫወት» አልኩት። በሥራ ስም መጫወት ነውና ሁለቴ አላስለመነኝም። በየአሥር ደቂቃው አስቆመውና ቤንችማርኩን አስሮጣለሁ። አሥረኛው ደቂቃ ላይ 83። ሃያኛው ላይ 81። ሠላሳ አምስተኛው ላይ ስክሪኑ መንገጫገጭ ጀመረ። አማካይ 70፣ ሎው 41። በጊዜ ስንቆጥረው አንድ ፍሬም 12 ሚሊ ሰከንድ ገደማ ይፈጅ የነበረው፣ የዘገዩት ላይ 24 ደረሰ። ዓይን ይሄን ወዲያው ያያል።

የተለመደው መለኪያ ግን ምንም አይልም። የኮሩ፣ የካርዱ ዋና ቺፕ ማለት ነው፣ ሙቀቱ 74 ነው። 74 ለዚህ ካርድ ምንም ማለት አይደለም።

አሁን ምክንያት ፍለጋ ተገባ። የመጀመሪያው ተጠርጣሪ ማን እንደሆነ ባሕር ዳር የኖረ ሰው ያውቀዋል። መብራት።

«ማታ ማታ ነው የሚብሰው» አለ ልጁ። «ጎረቤት ምጣድ ስትጥድ መብራቱ ራሱ ቢጫ ይሆናል።»

እውነቱን ነው። የኤሌክትሪክ ምጣድ 3 ሺህ ዋት የሚያልፍ ኃይል ይስባል። እንዲህ ያለ ነገር በሩቅ ሊፈተን ስለማይችል ማሽኑን ወደ ጌም ቤቱ መልሰን ቴስተሬን ይዤ ማታ ሄድኩ። ጠዋት 222 ቮልት የነበረው መስመር ምሽት 1 ሰዓት ላይ 187 ሆኖ አገኘሁት። ስታቢላይዘሩ ቋ ቋ ይላል። ካርዱን አቀዝቅዤ አስሮጥኩት። 84። ጎረቤት እንጀራዋን ጨርሳ ቮልቱ ሲመለስ ደግሜ አስሮጥኩት። 84።

ብዙ ሰው ይሄን ስነግረው አያምነኝም። አብዛኛው ዘመናዊ ፓወር ሰፕላይ ከ100 እስከ 240 ቮልት ድረስ ይቀበላል፤ ጎኑ ላይ ተጽፏል። ቮልቱ ሲወርድ ብዙ አምፔር ይስብና ለካርዱ ያንኑ 12 ቮልት ይሰጣል። ካልቻለ ይጠፋል። መብራት ማሽንህን ሊያጠፋው ይችላል፣ ሊያቃጥለውም ይችላል። ከ84 ወደ 70 ቀስ አድርጎ የማውረድ ጠባይ ግን የለውም። ማታ የባሰውም ማሽኑ ቀኑን ሙሉ ሲሠራ ስለሚውል፣ ክፍሉም በሰው ስለሚሞላ ነው።

መምህር ይሄን ሁሉ ከበሩ አጠገብ ወንበር ላይ ተቀምጠው ያዩ ነበር። ሙቀት የሚለውን ቃል ሲሰሙ ጠጋ አሉ።

«ልጄ፣ ይሄ ነገር የሚቀዘቅዘው በምንድን ነው?»

«በአየር ነው መምህር። ፋን አለው።»

«አየሩ የት ተለክቶ ነው ታዲያ የተሠራው? እኛ እኮ 1800 ሜትር ላይ ነን። እዚህ ውሃ በ94 ዲግሪ ነው የሚፈላው። ሽሮው ሳይቀር ያውቀዋል።»

ዝም አልኩ። ይሄን ያህል ዓመት ኮምፒውተር ስጠግን ጣና ዳር ያለው አየር ቀላል መሆኑን አስቤው አላውቅም ነበር። በእኛ ከፍታ የአየር ግፊት በባሕር ወለል ካለው አንድ አምስተኛ ገደማ ያንሳል። ፋኑ ያው በደቂቃ ያን ያህል ዙር ይዞራል፣ ያው መጠን አየር ይገፋል፤ ግን በዚያ አየር ውስጥ ሙቀት ተሸክሞ የሚወጣው ነገር አንሷል። ዩቲዩብ ላይ የምናየው ፈታኝ ደግሞ ክፍሉን 21 ወይም 22 ዲግሪ አድርጎ፣ ብዙ ጊዜም ዝቅ ባለ አገር ሆኖ ነው የሚለካው። የእኛ ክፍል ከሰዓት በኋላ 29 ነው። ክፍሉ በ7 ዲግሪ ሲሞቅ ካርዱም ወደዚያው ያህል ይሞቃል። ላዩ ላይ ከፍታው ይጨመራል።

መምህር መልሱን ያገኙ መስሏቸው ደስ አላቸው። ግማሹን አግኝተዋል። ሆኖም ባሕር ዳር ውስጥ ሌላ 3080 ጠግኜ አውቃለሁ፤ እንዲህ አልደከመም። ከፍታው ሁሉንም ካርድ ነው የሚያየው። ይሄኛው የራሱ በሽታ አለበት።

ኤችደብሊውኢንፎ የሚባለውን ፕሮግራም ከፈትኩ። ይሄን መጀመሪያ ማድረግ ነበረብኝ፤ የመብራት ወሬ ወሰደኝ። የሚሞሪውን የውስጥ ሙቀት ያሳያል። ጠዋት ቀዝቃዛ ሳለ 94 ነው። በሠላሳ አምስተኛው ደቂቃ 110። ልክ 110 ላይ ቀጥ ብሎ ቆመ። ከዚያ በላይ አይሄድም፣ ምክንያቱም 110 ጂዲዲአር6ኤክስ ሚሞሪ የሚታገሥበት ጣሪያ ነው። እዚያ ሲደርስ ካርዱ ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል። ኮሩ ከ1890 ሜጋኸርዝ ወደ 1500 ገደማ ሲወርድ በዓይናችን አየነው። ድካሙ ይሄ ነው።

የኬዙን የጎን መስታወት አወለቅሁ። ሚሞሪው ወደ 106 ወረደ፣ ፍሬሙም 76 ሆነ። የፊቱን ማጣሪያ ሳወጣው ከሐይቁ በመብራት ተስቦ የሚመጣው ትንኝ ከአቧራ ጋር ተጋግሮ እንደ ጨርቅ ሆኗል። በብሩሽ ጠራርገን መለስነው። ረዳ፤ ግን አላዳነም።

ካርዱ መከፈት ነበረበት። የሰው ካርድ ነው፣ ቀሪው አልተከፈለም፣ ስለዚህ መምህር መጀመሪያ ሻጩን ደውለው አስፈቀዱ። በዚያውም ቀጠሮውን በአሥር ቀን አራዘሙ። ስምምነቱን በስልክ መልእክት አጻፉት። አልኩ አይደል፣ በሂሳብ ቀልድ የለም።

ስከፍተው ነገሩ ግልጽ ነበር። ሚሞሪዎቹና ማቀዝቀዣው ብረት መካከል ቴርማል ፓድ የሚባል ለስላሳ ነገር አለ፤ ሙቀትን ወደ ብረቱ ያሻግራል። የዚህ ካርድ ፓዶች ዘይታቸው ወጥቶ ቦርዱ ላይ ፈስሷል። የቀረው እንደ ደረቀ እንጀራ ይፈረፈራል። ኮሩ ላይ ያለው ፔስት፣ ሙቀት አሻጋሪው ቅባት፣ ግን ደህና ነው። ለዚህ ነው ኮሩ 74 እያለ ሚሞሪው የሚነደው።

ኮሩ ደህና ሆኖ ሚሞሪው ብቻ የተጎዳ ካርድ ሳይ አንድ ነገር እጠረጥራለሁ፤ ማይኒንግ። ማይኒንግ ማለት በካርድ ስሌት ዲጂታል ገንዘብ መቆፈር ነው። ከነዚህ አንዱ የሆነው ኢቴሪየም የሚቆፈረው በዋናነት በሚሞሪ ፍጥነት ነበር። ኮሩ ዘና ብሎ፣ ሚሞሪው ሌት ተቀን ይቃጠላል። ኢቴሪየም አሠራሩን ካርድ ወደማይፈልግ የቀየረው በፈረንጆቹ መስከረም 15፣ 2022 ነው። በአንድ ቀን ያ ሁሉ ካርድ ሥራ ፈታ፤ ብዙውም ያገለገለ ተብሎ ገበያ ወጣ። ልጁ ይሄን ሲሰማ «አጭበርብሮናል» ብሎ ስልኩን አነሳ። አስቀመጥኩት። ጥርጣሬ ነው፣ ማስረጃ አይደለም። ፓድ በዕድሜም ይደርቃል።

ቀጥሎ ያለው የእኔ ጥፋት ነው፤ ልደብቀው አልችልም።

ፓድ ባሕር ዳር አላገኘሁም። ከአዲስ አበባ አዘዝኩ፣ በሦስተኛው ቀን በአውቶቡስ መጣ። ያዘዝኩት 1.5 ሚሊ ሜትር ውፍረት ነበር፤ የመጣው 2። «ግማሽ ሚሊ ምን ያደርጋል፣ ለስላሳ ነው፣ ይጫናል» አልኩና ገጠምኩት። ማሽኑን አስነሳሁ። ሚሞሪው 84! ልጁ አጨበጨበ። ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ ፋኑ እንደ ሄሊኮፕተር ጮኸ። የኮሩ ትኩስ ነጥብ 104 ደርሷል። ፍሬሙ ከበፊቱም ብሶ 66።

የሆነው ይሄ ነው። ብረቱ የሚቀመጠው ኮሩ ላይ ነው። ዙሪያውን ያሉት ፓዶች ከወፈሩ ብረቱን ያነሱታል። አንድ እግሩ ረጅም የሆነ በርጩማ ላይ እንደ መቀመጥ ነው። በሚሞሪው ያተረፍኩትን በኮሩ ከሰርኩ። መምህር ምንም አላሉም፤ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ። ያ ከስድብ ይብሳል።

በማግስቱ የድሮዎቹን ፓዶች ይዤ ቶርኖ ቤት ሄድኩና ካሊፐር፣ የውፍረት መለኪያ፣ ለመንኩ። ፓድ ስትለካ መሃሉን አትለካም፤ እዚያ በቺፑ ተጨፍልቋል። የሚለካው ሳይጫን የቀረው ጠርዙ ነው። 1.5። ሁለተኛ ትዕዛዝ፣ ሌላ ሦስት ቀን። የዚህኛውን ወጪ ራሴ ቻልኩ። ሲደርስ ከመግጠሜ በፊት እሱንም በካሊፐር ለካሁት። ከዚያ ፔስቱንም አድሼ ዘጋሁት።

ፈተናውን በክፉ ሰዓት አደረግነው። ከቀኑ 9 ሰዓት፣ ክፍሉ 29 ዲግሪ፣ ሌሎቹ አምስት ማሽኖችም እየሠሩ፣ መስታወቱ ተዘግቶ። በአርባኛው ደቂቃ አማካይ 83፣ ሎው 66። ኮር 70፣ ትኩስ ነጥብ 82፣ ሚሞሪ 90። ጠዋት በቀዝቃዛው ከተገኘው የሚለየው በአንድ ፍሬም ነው።

እዚህ ላይ ማቆም ይቻል ነበር። አንድ ነገር ግን ይከነክነኝ ነበር፤ ዩፒኤሱ፣ መብራት ሲጠፋ ማሽኑን በባትሪ የሚያቆየው። መብራት ሲጠፋ ዩፒኤሱ አንድ ጊዜ ይጮህና አብሮ ይጠፋል። ካርዱ ብቻ 320 ዋት ይበላል፣ ለቅጽበት ደግሞ ከዚያም ያልፋል። ትንሹ ዩፒኤስ ያንን አይችልም። አፍተርበርነር የሚባለው የካርድ ማስተካከያ ፕሮግራም ላይ ገብቼ ካርዱን 1800 ሜጋኸርዝ በ0.85 ቮልት እንዲሠራ አደረግሁት። አማካዩ 81 ሆነ። የሚበላው ግን ወደ 250 ዋት ወረደ፣ ሚሞሪውም ወደ 84። ሁለት ፍሬም ሰጥተን 70 ዋት ተቀበልን። የዩፒኤሱን ገመድ ከግድግዳው ነቅዬ ስሞክረው አራት ደቂቃ ቆመ፤ ተጫዋቹ ሴቭ አድርጎ ለመውጣት ይበቃዋል። እኔ ብሆን ባሕር ዳር ውስጥ ያለ 3080 ሁሉ እንዲህ ሆኖ ነው የሚሠራው። ልጁ ግን ሁለቷን ፍሬም ማጣት ከበደው። ዩቲዩብ ላይ ያሉት 84 ነዋ የሚያገኙት።

መምህር የጻፍኳቸውን ቁጥሮች በሠንጠረዥ አድርገህ ስጠኝ አሉኝ። ሰዓት፣ የክፍል ሙቀት፣ የሚሞሪ ሙቀት፣ አማካይ፣ ሎው። ፎቶ አንስተው ከደረቁት ፓዶች ፎቶ ጋር ለሻጩ ላኩለት፤ ከዚያ ድምፁን ከፍተው ደወሉ።

ሻጩ ረጋ ያለ ሰው ነው። «ጋሼ፣ እኔም ከሌላ ሰው ነው የገዛሁት» አለ። «ስንት ደቂቃ ነው የፈተናችሁት?»

«አርባ።»

ትንሽ ዝም አለ። «እኔ አንድ ጊዜ ነው ያስሮጥኩት።»

የፓዱንና የእጄን ዋጋ ከቀሪው ላይ ለመቀነስ ተስማማ። የመጀመሪያውን ሩብ ሰዓት እንደ ሕጋዊ ክርክር ጀምረውት የነበሩት መምህር መጨረሻ ላይ ስለ ልጆቹ ጤና እየጠየቁት ነበር። ብሩ በማግስቱ ተላከለት።

ባለፈው ሳምንት በጌም ቤቱ በኩል ሳልፍ ጎራ አልኩ። ቪአይፒዋ ላይ ሁለት ተማሪዎች ተደርበው ተቀምጠዋል። ከማሽኑ በላይ ግድግዳው ላይ በመምህር የጥቁር ሰሌዳ ጽሕፈት አንድ ወረቀት ተለጥፏል፦ «ይህ ማሽን በ29 ዲግሪ ለ40 ደቂቃ ተፈትኗል። ሰዓቴ ተበላ ማለት ክልክል ነው።»